ደፉ የማን ነው?

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ ሜትር የማይሞላ አሉሚኒየም ነው። ሴራሚክና ሌላ ዓይነት ወለል በር ላይ ሲገናኙ መጋጠሚያቸውን የሚሸፍነው ቀጭን ዝርግ። ሠራተኞች አንዳንዴ «ፕሮፋይል» ይሉታል፣ አንዳንዴ ዝም ብለው «ብረቱ»። ቤታችሁ ውስጥ ካለ በቀን ሃያ ጊዜ ትረግጡታላችሁ፤ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ግን ላታውቁ ትችላላችሁ። እኔም እናቴን እስኪጥላት ድረስ አላየሁትም ነበር።

እናቴ የምትኖረው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ፎገራ ውስጥ፣ ከወረታ ብዙም ሳይርቅ። ሩዝና ሽንኩርት የሚበቅልበት፣ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ከጣና ጋር የተቀላቀለ የሚመስልበት አገር ነው። እኔ አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ደመወዜ ሻል ሲል፣ ከገጠር ወጥቶ ሥራ እንደያዘ ማንኛውም ልጅ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት የእናቴን ቤት ማሳደስ ነው። ዋናው ክፍል ሴራሚክ ሆነ፤ መኝታ ቤቱ ሲሚንቶ ተደርጎ የፕላስቲክ ምንጣፍ ለበሰ። ጓዳውንም ሴራሚክ ላደርገው ነበር። እናቴ እንቢ አለች።

«ጓዳዬን ተውልኝ» አለችኝ በስልክ።

«ለምን እማየ? እስከ መቼ አፈር ላይ?»

«ያዳልጠኛል። ጋኔም አይቀመጥበት። ተወው ልጄ፣ እሱ እኔ የምለቀልቀው ነው።»

ተውኩላት። ግን ቅር እያለኝ ነው የተውኩት። ግማሹ ሴራሚክ ግማሹ አፈር የሆነ ቤት ያላለቀ ሥራ መሰለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም አሳፈረኝ። ስለዚህ ቢያንስ መጋጠሚያው ይመር ብዬ ወርቃማ ቀለም ያለው አሉሚኒየም ከአዲስ አበባ ገዝቼ ላክሁ። ወረታ የተገኘ ሠራተኛ ጥቅምት ላይ ገጠመውና ፎቶ ላከልኝ። የድሮውን ቤትና የአዲሱን ቤት ፎቶ ጎን ለጎን አድርጌ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ስንት ልብ እንደተሰጠኝ አልነግራችሁም።

ከፋሲካ በኋላ እናቴ ማሰሮ ይዛ ከጓዳ ስትወጣ እግሯን መታትና ወደቀች። እኔ የሰማሁት ነሐሴ ላይ ነው፤ ያውም ከታላቅ እህቴ። «እሷ እንዳትነግሪው ብላኝ ነው እንጂ፣ ያ ብረትህ ጥሏት ከርማለች» አለችኝ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር!» ብላ ጨመረችበት። ለካ በየሳምንቱ ስደውል «ደህና ነኝ» ስትለኝ የነበረው ጉልበቷ አብጦ ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ማሰሮው ነው የተሰበረ እንጂ እኔስ ደህና ነኝ። ደግሞስ አንተ ደስ ብሎህ የለ እንዴ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀችኝም። ስጦታ ሰጠኋት፤ ስጦታው ጣላት፤ እሷ ደግሞ የእኔን ደስታ ላለማደፍረስ ሕመሟን ደበቀች። ታዲያ ስጦታው ለማን ነበር? ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን፣ ሁለት ወለልም ይሁን ሁለት ኑሮ፣ የሚያገናኝ ነገር መታሰር ያለበትስ በየትኛው ወገን ላይ ነው?

*

መጀመሪያ ቴክኒኩን ላስረዳ፤ መልሱን ያገኘሁት እዚያ ውስጥ ነውና።

ሁለት ዓይነት ወለል በር ላይ ሲገናኙ ተጣብቀው እንዲገናኙ አይደረግም። ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ላሚኔት የሚያነጥፉ ባለሙያዎች ግድግዳው ሥርና በሩ ላይ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተዉት ለዚህ ነው። አሉሚኒየሙ ራሱ እንኳ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በአንድ ሜትር ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ክፍተት ካልተተወ ላሚኔቱ መሀሉ ላይ ይነሳል፣ ወይም የሴራሚኩ ጠርዝ ይሸረፋል። እንግዲህ ክፍተቱ የሥራ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የሚተው ነው። ብረቱ ደግሞ ያንን ክፍተት ይሸፍናል፤ ቆሻሻ እንዳይገባበት፣ እግር እንዳይዝበት፣ ጠርዞቹም እንዳይሰበሩ።

ዋናው ሕግ ግን የሚቀጥለው ነው። ብረቱ ከሁለቱ ወለሎች በአንዱም ላይ አይታሰርም። ቪሱ በክፍተቱ በኩል አልፎ ከሥር ያለው ሲሚንቶ ውስጥ ነው የሚገባው። የብረቱ ሁለት ክንፎች በግራና በቀኝ ወለሎቹ ላይ ያርፋሉ እንጂ አይያዟቸውም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወለል እንደ ባሕርዩ ከሥሩ ይሳባል፣ ይመለሳል፤ ብረቱም በቦታው ይቆያል።

የእናቴ መኝታ ቤት በር ላይ የገባው እንዲህ ነው የተሠራው። ሲሚንቶው ተበሳ፣ ፊሸር ገባ፣ ቪሱ ጠበቀ። እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።

የጓዳው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሴራሚኩና ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ዋናውን ክፍል ከጓዳው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገውታል። ብረቱ የተጣበቀው ሴራሚኩ ጠርዝ ላይ፣ በማጣበቂያ ብቻ ነው። በጓዳው በኩል ያለውን ከፍታ ለመደበቅ ደግሞ ሠራተኛው ደጅ ያገኘውን አፈር ጠቅጥቆ ከብረቱ ጋር እኩል አደረገው። ፎቶው ላይ ያማረው ለዚህ ነው።

ደጅ ያለው አፈር ምን እንደሆነ የፎገራ ልጅ ይጠፋዋል? ዋልካ ነዋ። መሐንዲሶች በጣም የሚፈሩት ጥቁር የሸክላ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። የካቲት ላይ ሜዳውን በእግሩ ያቋረጠ ሰው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይቷል። ጥቅምት ላይ ክረምት የጠጣ፣ ያበጠ ዋልካ ነው የተጠቀጠቀው። ሚያዝያ ላይ ደርቆ፣ ሸሽቶ፣ ተፈርፍሮ አለቀ። ብረቱ ሹል ጠርዙን አውጥቶ ብቻውን ቀረ።

ሰው ሲራመድ የእግሩን ጣቶች ከመሬት የሚያነሳው ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃ የበር ደፍ ከ13 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር ካለፈም ዘቅዘቅ ተደርጎ እንዲለዝብ ያዛል። በእኛም አገር በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። የእናቴ ጓዳ ድረስ የሚገባ አዋጅ ግን የለም። ወደዚያ የሚገባው ልጇ ብቻ ነው፤ እሱም በፎቶ ነው የገባው።

የድሮው ደፋችን ወፍራም እንጨት ነበር፤ ቁመቱ ከስንዝር ብዙ አያንስም። እናቴ ሠላሳ ዓመት ስትሻገረው አንድ ቀን አላደናቀፋትም። እግሯ ቤቱን በቃሉ ያውቀዋል። ደፉ ሥራም ነበረው። በ1998 ክረምት፣ ጎርፉ ፎገራ ላይ ብዙ ሰው ባፈናቀለበት ዓመት፣ ልጅ ሆኜ ያ እንጨት ላይ ጭቃ ስንደርብ ትዝ ይለኛል፤ ውሃው እንዳይገባ። ትልቅ ደፍ «እዚህ አለሁ» ይልሃል፤ እግርህን ታነሳለህ። የጣላት እኩል መስሎ የቆመው ትንሹ ነው።

*

ይህን ስህተት ከሥራዬ አውቀዋለሁ፤ አለማፈሬ ነው እንጂ።

አንድ ጊዜ የሠራንበት ሲስተም የትውልድ ቀን መሙያው 12 ወር ብቻ ነበረው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ስሙን ሞልቶ፣ ስልኩን ሞልቶ፣ የተወለደበት ወር ላይ ሲደርስ ቦታ የለውም። ከስብሰባ በኋላ የቀረበው የመጀመሪያ መፍትሔ «ነሐሴ 30 ብለው ይሙሉ» የሚል ነበር። ማለትም በአንዱ ወገን ላይ የታሰረ ብረት። ሌላኛው ወገን ወይ ይጠቀጠቅ፣ ወይ ይደናቀፍ።

በትክክል የተሠሩ የቀን መቀየሪያዎች እንዲህ አያደርጉም። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር በቀጥታ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር አይዘሉም። መጀመሪያ ቀኑን ወደ ተራ የቀናት ቁጥር ይለውጡታል። የዩልዮስ ቀን ቁጥር የሚባለው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4713 ጀምሮ ቀናትን አንድ በአንድ የሚቆጥረው፣ ለዚህ ይጠቅማል። ከዚያ ቁጥር ደግሞ ወደ ፈለጉት አቆጣጠር ይወጣሉ። ያ ቁጥር የእኛም የእነሱም አይደለም፤ ከሁለቱም ሥር ያለው ነው። ፀሐይ አንድ ጊዜ ወጣች፣ አንድ ጊዜ ጠለቀች፤ ስሙን መስከረምም በሉት ሴፕቴምበር።

መልሴ መታየት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አገናኙ መታሰር ያለበት በሁለቱም ሥር ባለው ነገር ላይ ነው። በእናቴና በእኔ መካከል ከሥር ያለው ምንድን ነው? ደመወዜ አይደለም፣ ያ የእኔ ወገን ነው። ልማድም አይደለም፣ እሱ በአብዛኛው የእሷ ነው። ከሥር ያለው እዚያ በር ላይ በየቀኑ የሚያልፈው እግር ነው። ከዚያ ነበር መጀመር የነበረብኝ፤ እኔ ግን ከፎቶው ጀመርኩ።

*

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ታዲያ ሁሉንም ሴራሚክ አድርገህ መገላገል አልነበር?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። የአፈር ወለል ናፍቆት ብቻ አይደለም፤ አቧራ ነው፣ ቁንጫ ነው፣ ሙጃሌ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2000 ኮዋዊላ ግዛት ውስጥ «ፒሶ ፊርሜ» በሚባል ፕሮግራም የድሆችን የአፈር ወለል ሲሚንቶ ማድረግ ጀምራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ውጤቱን ሲመረምር የልጆች የሆድ ትላትል፣ ተቅማጥና የደም ማነስ መቀነሱን፣ እናቶቹም በኑሯቸው ይበልጥ መርካታቸውን አገኘ። ስለዚህ የእህቴ ልጆች በሚተኙበትና በሚጫወቱበት ክፍል ሴራሚክ በማስገባቴ አልጸጸትም። «አፈሩ ይሻል ነበር» ብዬ የከተማ ሰው ቅኔ ልቀኝ አልፈልግም።

ግን ጓዳው የእናቴ የሥራ ቦታ ነው። ጋኑ ሥሩ ድቡልቡል ነው፤ ማቶት ላይ፣ ማቶቱም አፈር ላይ ነው የሚደላደለው። ውሃ ሲፈስ አፈሩ ይጠጣዋል፤ ሴራሚክ ላይ ቢሆን የስልሳ ዓመት ሴት ታዳልጣለች። ቢሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ ኪቦርዴን ቢቀይርብኝ እቆጣለሁ። የእሷን «እንቢ» ግን ያልተማረ ሰው ፍርሃት አድርጌ ነበር የሰማሁት። እሷ ምክንያት ነበር የነገረችኝ፣ ያውም ሁለት።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1909 «ድልድይና በር» የሚል አጭር ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሐሳቡ በእኔ አባባል ይህን ይመስላል፦ ሰው ሳይለይ ማገናኘት አይችልም፤ ሁለት ዳር መኖሩን ያላየ ድልድይ አይሠራም። እዚያው ዓመት ላይ አርኖልድ ቫን ዤኔፕ ስለ ሽግግር ሥርዓቶች የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ ከአንዱ ኑሮ ወደ ሌላው ስንሻገር በመካከል ደፍ ላይ የምንቆምበት ጊዜ እንዳለ ያስረዳል። እኔን የመሰለ ልጅ እዚያ ደፍ ላይ ዓመታት ይቆያል። አዲስ አበባ ስሆን የገጠር ልጅ ነኝ፤ ቁሐር ስሄድ «የከተማው» እባላለሁ። ችግሩ ደፍ ላይ መቆሜ አልነበረም። አንዱ ወገን ላይ ተጣብቄ፣ ሌላው ላይ ክንፌን ብቻ ማሳረፌ ነበር።

*

ለኅዳር ሚካኤል ሄድኩ። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ እንደ ልብ የሚኬድበት አይደለም፤ ቢሆንም ደረስኩ። ሩዙ እየታጨደ ነበር።

ቤት ገብቼ በቀጥታ ወደ ጓዳው በር ሄድኩና ብረቱን አየሁ። ምንም የለበትም! አፈሩ ከብረቱ ጋር እኩል ነው። ክረምቱን እህቴ ጭቃ ሞልታበታለች፤ ዋልካውም አብጦ ቦታውን ይዟል። እኛ ፕሮግራመሮች «እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የምንላት ነገር አለች፤ ችግሩ ያጋጠመውን ሰው የምናሰናብትባት። አፌ ላይ መጣች።

እናቴ ቁጢጥ ብላ በጥፍሯ መጋጠሚያውን ጫር አደረገችው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። «ይኸው ጀመረ» አለች። «ዋልካ አይዶለም ለዚህ የሚደረግ። እሱ ይሸሻል። ቀይ አፈር በጭድ ነው።»

«ለሠራተኛው አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት። ልጅሽ እኩል ይሁን ብሏል አለኝ።»

ብዬ ነበር። በስልክ፣ ሁለት ጊዜ።

በማግስቱ ሠራነው። መብራት በመጣች ሰዓት ብረቱን ነቅዬ ሹል ጠርዙን በሞረድ አለዘብኩት፤ ሴራሚኩን ሳልነካ ከሥሩ ያለውን ሲሚንቶ በድሪል በስቼ በፊሸርና በቪስ አሰርኩት። ክንፉ ሴራሚኩ ላይ አረፈ እንጂ አልተጣበቀም። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነ። እህቴ ከኮረብታው በኩል ቀይ አፈር አስመጥታለች። እናቴ ከጭድ ጋር አቡክታ ከጓዳው ወለል ወደ ብረቱ በቀስታ የሚወጣ ተዳፋት ሠራች። ርዝመቱን በክንዷ ነው የለካችው፤ ክርኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ የመሀል ጣቷን ወደ ብረቱ ዘርግታ።

«ለምን አንድ ክንድ?» አልኳት።

«እግር ሙሉውን እንዲያርፍበት ነዋ።»

ብረቱ ጋ ስትደርስ አንድ ጣት የምታህል ክፍተት ተወችና የወንዝ አሸዋ ሞላችባት። «ይቺ ለመተንፈሻ» አለች። ክፍተት መተው እንዳለበት የነገራት የለም።

ሜትር አውጥቼ ለካሁ። ከፍታው አራት ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ወደ ሃምሳ። አንድ ለአሥራ ሁለት ተኩል። በዓለም ላይ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ በሰፊው የሚሠራበት የተዳፋት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው። ነገርኳት። «ታዲያስ!» ብላ እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን፣ በንግሡ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ ጎንበስ ብላ መግቢያውን ስትሳለም አይቻት ነበር። መድረክ የሚለው ቃላችን በጥንቱ አጠቃቀም ደፍ ማለት ነው። ዛሬ ግን ሰው እንዲታይ የሚወጣበት ከፍታ ሆኗል። እኔ የእናቴን ደፍ ያደረግኩት እንዲያ ነው፤ የምታይበት መድረክ። እሷ ለደፍ ጎንበስ ነው የምትለው። ያንን ወርቃማ ብረት ከመግዛቴ በፊት አንዴ ጎንበስ ብዬ ቢሆን፣ ወይም ጎንበስ ማለት ባልችል እዚያ ያለችውን ሰምቼ ቢሆን፣ ጉልበቷ አያብጥም ነበር።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ሴራሚኩ እንክብካቤ አይፈልግም። አፈሩ ይፈልጋል፤ በየጊዜው ይለቀለቃል፣ በየጊዜው ይደፈናል። ማለትም መጋጠሚያውን በሕይወት የሚያቆየው የእሷ እጅ ነው። ግንኙነታችንም እንዲሁ ነበር። ስልክ መደወል የተማረችው እሷ፣ የእኔን የስብሰባ ሰዓት የሸመደደችው እሷ፣ ሕመሟን የደበቀችው እሷ። የሚተጣጠፈው ለስላሳው ወገን ሁልጊዜ እሷ ስትሆን እኔ «ተገናኝተናል» እያልኩ ነበር። ብረቱን ከሥር ማሰር ይህን አይፈታውም። በየበጋው የሚመለስ ሰው ነው የሚፈልገው፤ መመለስ ካልቻለም በትክክል የሚጠይቅ።

አሁን ስደውል «ደህና ነሽ?» አልልም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። «ደፉ እንዴት ነው?» እላታለሁ። ባለፈው የካቲት ስጠይቃት ትንሽ ዝም አለችና መለሰች።

«ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር። ለቀለቅሁት። ጉልበቴን ግን ዛሬ ያመኛል።»